የፋብሪካ ፒኤልሲዎችን ሰዓት ማናበብ፦ ቀድሞ የቆመው ቦይለሩ ነው ወይስ ኮምፕሬሰሩ?

ጥገና_ጠባሴ

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለ ፋብሪካ ነው። ማሽኖቹን የሚመሩት ፒኤልሲዎች (የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች) እነዚህ ናቸው፦ ዋናው መስመር ላይ ኤስ7-1500፣ ኮምፕሬሰሩና ማሸጊያው ላይ አንድ አንድ ኤስ7-1200፣ ቦይለሩ ላይ አሮጌ ኤስ7-300 (ሲፒዩ 315-2 ፒኤን/ዲፒ)፣ ውሃ ማጣሪያው ላይ ሞዲኮን ኤም340 አለ። ሦስት ኤችኤምአይ (ኦፕሬተሩ የሚሠራበት) ስክሪንና ስካዳ (ሁሉንም ማሽን የሚከታተልና የሚመዘግብ ሶፍትዌር) የተጫነበት አንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ጨምሩበት።

መብራት ብልጭ ብሎ በተመለሰ ቁጥር መስመሩ ይቆማል፣ ከዚያ ክርክሩ ይነሳል። የመጨረሻውን ሎግ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ቦይለሩ 8:41:07 ላይ ቆምኩ ይላል፤ ኮምፕሬሰሩ 8:37:52 ላይ ግፊት ወረደብኝ ይላል፤ የማሸጊያው ስክሪን ደግሞ 2:38 ብሎ ቁጭ ብሏል። ሜካኒካሎቹ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኮቹ ወደ ቦይለር ይገፋሉ። ሎጉ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል።

የስካዳውን ኮምፒውተር (192.168.10.5) የኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት የማደያ) ሰርቨር አድርጌ አድራሻውን ለሁሉም ሰጠሁ። 1500ውና 1200ዎቹ ተቀበሉ። ቦይለሩ ተቀብሎ 3 ሰዓት ወደኋላ ሄደ። ማኔጅድ ስዊቹና ሊኑክስ ያለበት ጌትዌይ መልስ እየደረሳቸው እምቢ አሉ። ኤም340 ላይ ኤንቲፒ የሚሞላበትን ቦታ ራሱን አጣሁት። የፒኤልሲው ኔትወርክ ከኢንተርኔት የተቆረጠ ነው፣ እንዲከፈትም አይፈቀድም። ከየት ልጀምር?

ቆላ_ኦቶሜሽን (ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ ከስክሪኑ ልጀምር፤ እሱ የአገር በሽታ ነው። 2:38 የተበላሸ ሰዓት አይደለም፣ የኛው ሰዓት ነው። ኦፕሬተሩ "ይሄ ሰዓት ተሳስቷል" ብሎ ከ8 ወደ 2 ያዞረዋል። ሰለጠንኩ ያለው ደግሞ የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ−3 (ዩቲሲ የዓለም መነሻ ሰዓት ነው) ላይ ያደርገዋል። እኛ ዩቲሲ+3 ስለሆንን 6 ሰዓት ሲቀነስ ልክ ብራዚሊያና ቦነስ አይረስ ላይ ይወድቃል፤ ስክሪኑም የግድግዳውን ሰዓት ያሳያል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። መዘዙ የሚታየው ሌሊት ነው፦ ቀኑ የሚቀየረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስለሚሆን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው አላርም በሙሉ በትናንት ቀን ይመዘገባል። ብራዚሊያን የመረጠና ሶፍትዌሩ ያረጀ ስክሪን ደግሞ በዓመት ሁለቴ 1 ሰዓት ሊዘል ይችላል፣ ብራዚል የበጋ ሰዓትን (በበጋ ሰዓቱን በ1 ወደፊት መግፋትን) የተወችው በ2019 እ.ኤ.አ. ነውና። መጀመሪያ የሦስቱንም ስክሪን የሰዓት ክልል ክፈትና እይ።

ከዚያ አንድ ነገር ቁረጥ፦ ኮንትሮለር ውስጥ የሚመዘገበው ዩቲሲ ብቻ ይሁን። የኛ አቆጣጠር ስክሪንና ሪፖርት ላይ ብቻ ይታይ። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፤ የዩቲሲው ሰዓት ላይ 9 ደምር፣ ለ12 አካፍል፣ ቀሪው የኛ ሰዓት ነው፣ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ጻፍ። ዩቲሲ 5 ሲሆን 14 ለ12 ቀሪው 2፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። የፈረቃ መቀየሪያ ከጠዋቱ 2፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ከሆነ ፕሮግራሙ ውስጥ 5:00፣ 11:00 እና 19:00 ብለህ ታስገባለህ። ቀን ግን ፒኤልሲ ውስጥ አትቀይር። መስከረም 1 አንዳንዱ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዱ 12 ላይ ስለሚውል በቋሚ ቁጥር ቀንሰህ የምትሠራው ነገር ጳጉሜ ላይ ይሰበራል። እሱን ለሪፖርቱ ሶፍትዌር ተውለት።

አሁን በየዕቃው፦

ኤስ7-1500 እና 1200። ቲአይኤ ፖርታል (የፒኤልሲው ፕሮግራም መጻፊያ) ላይ የፕሮፊኔት ኢንተርፌሱን (የኔትወርክ ወደቡን) ክፈት፣ ታይም ሲንክሮናይዜሽን የሚለው ስር ኤንቲፒን አብራ። እስከ 4 አድራሻ ይቀበላል። የማደሻ ጊዜውን ከ10 ሰከንድ እስከ 86,400 ሰከንድ መሙላት ትችላለህ፤ 60 በቂ ነው። የሰዓት ክልሉ ላይ አዲስ አበባን አትፈልግ፣ ናይሮቢ የሚለውን ዩቲሲ+3 ምረጥ፣ የበጋ ሰዓት መቀየሪያውን አጥፋ። ሎግህ ውስጥ አርዲ_ሎክ_ቲ የሚለው ብሎክ ካለ በአርዲ_ሲስ_ቲ ተካው፤ የመጀመሪያው የአካባቢ ሰዓት፣ ሁለተኛው ዩቲሲ ነው የሚያነበው። ይህንን ያላስተዋለ ፕሮግራመር አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ ተጠቅሞ 3 ሰዓት ሲያሳድድ ይውላል።

ቦይለሩ አልተበላሸም። ኤንቲፒ የሚያጓጉዘው ዩቲሲን ብቻ ነው፣ 300ው ደግሞ የሰዓት ክልል አያውቅም፣ የመጣለትን እንዳለ ወሰደ። እንግዲህ ዩቲሲ ከተስማማን እሱ ነው ትክክል የሆነው፣ አትንካው። አንድ ነገር ግን አረጋግጥ፦ የቦይለሩ ስክሪን ሰዓት ወደ ፒኤልሲው እንዲጽፍ ተደርጎ ከሆነ አጥፋው። አለበለዚያ ኤንቲፒው ይመልሳል፣ ስክሪኑ ይወስዳል፣ ሎጉ 3 ሰዓት ወዲህ ወዲያ ሲል ታየዋለህ።

ኤም340 ላይ የሲፒዩው የራሱ ኢተርኔት ፖርት ኤንቲፒ አይሠራም። ኖኢ 0100 የሚባለው የኢተርኔት ሞጁል ያስፈልጋል፤ እሱ ካለ ሰዓቱን በአር_ኤንቲፒሲ ብሎክ ታነባለህ። ሞጁሉን መግዛት ካልተቻለ ስካዳው በየሰዓቱ አንዴ ዩቲሲን በሞድባስ (የመቆጣጠሪያዎች መልእክት መለዋወጫ) ይጻፍለት፣ ፕሮግራሙ ተቀብሎ የውስጥ ሰዓቱን ያስተካክል። ከግማሽ እስከ 1 ሰከንድ ስህተት ይኖረዋል፤ ለውሃ ማጣሪያ ምን ይጎዳል?

ስዊቹና ጌትዌዩ እምቢ ያሉት በሥርዓታቸው ነው። ዊንዶውስ የራሱን ሰዓት ብቻ ይዞ ሲያድል "ስህተቴ እስከ 10 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል" ብሎ በፓኬቱ ውስጥ ይናገራል፤ ሩት ዲስፐርሽን የሚባለው ቁጥር ነው። ደህና የተሠራ ደንበኛ ያንን አይቶ ይጥለዋል፣ ለምሳሌ ኤንቲፒዲ ከ1.5 ሰከንድ በላይ አይቀበልም። የፒኤልሲ ደንበኛ ግን ቁጥሩን ሳያይ ይውጣል። ሬጂስትሪው ላይ የዊንዶውስ ታይም ኮንፊግ ውስጥ ሎካል ክሎክ ዲስፐርሽን 0፣ አናውንስ ፍላግስ 5 አድርገው፤ ኤንቲፒ ሰርቨር የሚለው ስር ኢኔብልድን 1 አድርግ፣ ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒ 123ን ወደ ውስጥ ፍቀድ። ኮምፒውተሩ ዶሜይን ውስጥ ካልሆነ ሰርቪሱ ራሱ ላይነሳ ስለሚችል አውቶማቲክ አድርገው። 0 ማድረጉ ሰዓቱን አያስተካክለውም፣ "ስህተት የለብኝም" ብሎ እንዲምል ያደርገዋል እንጂ። ለጊዜው መሻገሪያ ነው።

ሪሌ_ሎጂክ

ቆላ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ወደ ክርክሩ ልመለስ። ሰዓቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ስላሳዩ ማን እንደቀደመ ይታወቃል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንዱ ከየት መጣ? ያልተናበበ ኤስ7-1200 በወር እስከ 60 ሰከንድ ሊስት ይችላል፣ አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው። አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ በሁለት ወር 4 ደቂቃ ይሞላል። የሰዓት ክሪስታል (32,768 ኸርዝ) በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው ልክ የሚመታው። ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያል፤ የዝግመቱ መጠን በልዩነቱ ካሬ 0.034 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ያህል ነው። የደብረ ብርሃን ሌሊት ያልሞቀ ፓኔል ውስጥ 10 ዲግሪ ካደረገው ልዩነቱ 15፣ ካሬው 225፣ ወደ 7.7 ፒፒኤም፣ በቀን 0.66 ሰከንድ። ቦይለሩ አጠገብ 45 ዲግሪ የደረሰ ፓኔል ደግሞ 13.6 ፒፒኤም፣ በቀን 1.2 ሰከንድ ያህል። አንድ ግቢ ውስጥ ውርጭና ቆላ አላችሁ። ስለዚህ "በወር አንዴ በእጅ እናስተካክላለን" የሚለው መፍትሔ አይደለም። በ60 ሰከንድ ማደሻ ግን 20 ፒፒኤም የሚስት ሰዓት እንኳ በመሐል 1.2 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው የሚሸሸው። ወደ 10 ሰከንድ ማውረድ ትርፍ የለውም።

ሁለተኛ፣ የኔትወርኩ ስህተት። ደንበኛው ሰዓቱን የሚያሰላው ጥያቄው ሲሄድና መልሱ ሲመጣ እኩል ጊዜ ወስደዋል ብሎ ነው። መሄጃው 5፣ መመለሻው 45 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ ሰዓቱ በ20 ሚሊ ሰከንድ ይሳሳታል፣ ማንም አይነግርህም። ግቢ ውስጥ ባለ ስዊች ይህ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፤ በሞባይል ኢንተርኔት በኩል ከመጣ ግን ይኼው ነው። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ይሁን የምንለው ለደኅንነት ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስካን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ግብዓት አንብቦ፣ አስልቶ ውጤት የሚያወጣበት አንድ ዙር። ሎጉ የሚመዘግበው ክስተቱ የሆነበትን ሳይሆን ፕሮግራሙ ያየበትን ሰዓት ነው። የ1200 ዲጂታል ግብዓት ከፋብሪካ ሲወጣ 6.4 ሚሊ ሰከንድ ፊልተር አለበት፣ ላዩ ላይ ስካኑ ይጨመራል። የቦይለሩ 300 ስካን 30 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ አንድ ዓይነት ክስተት በሁለቱ ላይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ቢለያይ አይግረምህ። አላርሙን ሰዓት የሚሰጠው ስካዳው ከሆነ ደግሞ የጥያቄው ዙር፣ 1 ሰከንድም ሊሆን ይችላል፣ ይደመራል። ሰዓት ክስተቱ ያለበት ፒኤልሲ ላይ ይሰጥ።

እንዴት ትለካዋለህ? ባለ 24 ቮልት ሪሌ ባለ 4 ኮንታክት አንድ፣ አንድ የግፊት ቁልፍ። እያንዳንዱን ኮንታክት ወደ አንድ ፒኤልሲ ባዶ ግብዓት ውሰድ፣ ቮልቴጁን ከየራሱ ፒኤልሲ 24 ቮልት ስጠው። የአንዱን ፓኔል ፓወር ሰፕላይ ወደ ሌላው አታሻግር። ግብዓቱ ከ0 ወደ 1 ሲነሳ ሰዓቱን መዝግብ። 20 ጊዜ ተጫን፣ በመሐል እኩል ጊዜ አትቁጠር፣ እንዳመጣልህ። ከዚያ በሁለት ፒኤልሲዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለ20ውም አስላ፦ አማካዩ የሰዓቶቹ ልዩነት ነው (የፊልተሩና የግማሽ ስካን ልዩነት አብሮት አለ፣ ቀንሰው)፣ ብትንትኑ ደግሞ ስካኑ ነው። ብትንትኑ ±15 ከሆነ ከ30 ሚሊ ሰከንድ በታች ስላለ ቅደም ተከተል አትከራከሩ።

ከዚያ በታች መውረድ ከፈለጋችሁ ፒቲፒ (አይትሪፕልኢ 1588) የሚባል ከኤንቲፒ የረቀቀ የሰዓት ማናበቢያ አለ፣ ነገር ግን ስዊቹም ሲፒዩውም በሃርድዌር መደገፍ አለባቸው፤ አሮጌው 300 አይገባበትም። ርካሹ መንገድ የሚከራከሩትን ሁለት ምልክቶች ከሁለቱም ፓኔል በሽቦ አውጥቶ አንድ ፒኤልሲ ላይ ማስገባት ነው። አንድ ፒኤልሲ ከራሱ ጋር አይጣላም።

ጥገና_ጠባሴ

ሪሌ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቆላም። የሁለት ስክሪን ክልል ናይሮቢ ነበር፣ የማሸጊያው ዩቲሲ−3 ሆኖ ተገኘ። ዲስፐርሽኑን 0 ሳደርገው ስዊቹም ጌትዌዩም ተቀበሉ። ግን የስካዳው ኮምፒውተር ራሱ ሰዓቱን ከማንም አይወስድም። ምንጭ ምን ላድርግ? ሌላው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፒኤልሲዎቹ በሰከንዶች ይነሳሉ፣ ኮምፒውተሩ ደቂቃዎች ይፈጅበታል።

ፒፒኤስ_አንቴና

ሬዝበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ርካሽ ኮምፒውተር) ላይ ጂፒኤስ አድርግና ከነገሩ ውጣ። የሚያስፈልግህ፦ ፒፒኤስ (በየሰከንዱ አንድ ምት የሚያወጣ) እግር ያለው የጂፒኤስ ሞጁል፣ ከ3 እስከ 5 ቮልት አክቲቭ አንቴና፣ ዲኤስ3231 የሰዓት ሞጁል ከነባትሪው፣ የመብረቅ መከላከያ፣ ትንሽ ዩፒኤስ። በዩኤስቢ ብቻ የሚሰካ ፒፒኤስ የሌለው ጂፒኤስ አትግዛ፤ የሰዓቱ ጽሑፍ በሲሪያል ሲመጣ በአሥሮችና በመቶዎች ሚሊ ሰከንድ ይዋልላል። ያገለገለ አሮጌ ሪሲቨርም ተጠንቀቅ፦ የጂፒኤስ የሳምንት ቆጣሪ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ 0 ይመለሳል፣ የመጨረሻው ኤፕሪል 2019 ላይ ነበር፣ ያልታደሰ ሪሲቨር 19 ዓመት ከምናምን ወደኋላ ይወስድሃል።

አንቴናው ሰማይ ማየት አለበት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር አይሠራም። ጣሪያ ላይ ስታወጣው ከመብረቅ መከላከያው ዘንግ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ኬብሉ ሕንፃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት አሬስተሩ (የኬብሉ መብረቅ መከላከያ) ይኑር፣ የመሬት ሽቦው ከፓኔሎቹ የመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ። የደጋውን ክረምት ነጎድጓድ ታውቁታላችሁ፤ አሬስተር የሌለው አንቴና ስትሰቅል ስዊቹን አብረህ ጣሪያ ላይ እንደሰቀልክ ቁጠረው።

ሶፍትዌሩ ክሮኒ ነው (ቃላቱን እንደሚነበቡ ልጻፋቸው)። ፒፒኤሱን እንደ ሬፍክሎክ (የሰዓት ምንጭ) ከጂፒኤሱ ጽሑፍ ጋር አቆላልፈህ አስገባ፤ ፒፒኤስ የሰከንዱን መጀመሪያ እንጂ የትኛው ሰከንድ እንደሆነ አያውቅም፣ ያንን የሚነግረው ጽሑፉ ነው፣ ስለዚህ የጽሑፉ መዘግየት ከግማሽ ሰከንድ በታች እስኪሆን ኦፍሴት ሙላለት። ከዚያ አላው 192.168.10.0/24 (ለማን እንደሚያድል)፣ ሜክስቴፕ 1 3 (ሲነሳ ትልቅ ልዩነት ካለ በአንዴ እንዲዘል)፣ ሎካል ስትራተም 10። የመጨረሻዋ መብራት ሄዶ ሲመለስ ለምትፈራው ነገር ናት፦ ጂፒኤሱ ገና ሳተላይት ሳያገኝ ሰርቨሩ እንዲመልስ ታደርጋለች። ያለሷ "አልተናበብኩም" የሚል ምልክት ይልካል፣ ፒኤልሲው ይጥለዋል። ግን ፓይ 4 የራሱ ሰዓት የለውም፣ ሲነሳ የሚያውቀው ሲጠፋ የነበረውን ነው፤ ዲኤስ3231 ሳይኖር ሎካል ስትራተም ማብራት ለመላው ፋብሪካ የትናንትን ሰዓት ማደል ነው። ዲኤስ3231 ±2 ፒፒኤም ነው፣ በዓመት 1 ደቂቃ ያህል ይስታል፣ ለዚያች ክፍተት ይበቃል።

የስካዳውን ኮምፒውተር ከሰርቨርነት አውርደህ የፓይው ደንበኛ አድርገው። ዲስፐርሽኑንም ወደ 10 መልሰው።

ቆላ_ኦቶሜሽን (ሸዋ ሮቢት)

በአንዱ አልስማማም፣ ጂፒኤስ የግድ አይደለም። የቢሮው ራውተር ኢንተርኔት ካለው በፋየርዎሉ መሐል አንድ ማሽን አቁሞ ከውጭ ከ4 ምንጭ መውሰድ፣ ወደ ውስጥ ማደል ይቻላል፤ ለሎግ ይበቃል። 2 ምንጭ ብቻ ግን አታድርግ፣ ሲለያዩ ማን እንደዋሸ አይታወቅም። ወይ 1 ወይ 3ና ከዚያ በላይ። የጎግልን ታይም ሰርቨርም ከሌላው ጋር አትቀላቅል፣ የሊፕ ሰከንድ (አልፎ አልፎ ዩቲሲ ላይ የሚጨመር ሰከንድ) አያያዙ ይለያል።

ሌላው ያልተነሳ፦ የፒኤልሲ ደንበኛ ሰዓቱን ቀስ ብሎ አያስጠጋም፣ ይዘላል። መጀመሪያ ስታናብበው 3 ደቂቃ ወደኋላ ሲዘል "አሁን ሲቀነስ የተጀመረበት" ብሎ የሚቆጥር ፕሮግራም አሉታዊ ቁጥር ያገኛል፣ የስካዳው መዝገብም ተደጋጋሚ ሰዓት ብሎ ሊጥለው ይችላል። የቆይታ ጊዜ በቶን ታይመር (በፒኤልሲው የራሱ ጊዜ ቆጣሪ) ይቆጠር እንጂ በሰዓት መቀናነስ አይሁን። የመጀመሪያውን ማናበብ መስመሩ በቆመበት፣ ባች በማይሮጥበት ሰዓት አድርገው። ኦፒሲ ዩኤን (ፒኤልሲና ሶፍትዌር የሚነጋገሩበትን ፕሮቶኮል) በሰርቲፊኬት የምትጠቀሙ ከሆነም ሰዓቱ ወደኋላ የሄደ ፒኤልሲ "ሰርቲፊኬቱ ገና አልጸናም" ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ሰው የኔትወርክ ችግር ነው ብሎ ኬብል ይቀይራል።

ጥገና_ጠባሴ

የሪሌው ፈተና ውጤት፣ ፓይው ከተተከለ በኋላ፣ 20 ጊዜ ተጭነን፣ ፊልተርና ግማሽ ስካን ተቀንሶ፦ ከ1500ው አንጻር የኮምፕሬሰሩ 1200 አማካይ 6 ሚሊ ሰከንድ፣ ብትንትን ±12፤ የቦይለሩ 300 አማካይ 22፣ ብትንትን ±19፤ ኤም340 (በስካዳ የሚጻፍለት) 410 ሚሊ ሰከንድ።

ከዚያ በኋላ መብራት አንዴ ብልጭ ብሏል። የኮምፕሬሰሩ ግፊት አላርም 05:12:33.480፣ የቦይለሩ መቆም 05:12:34.910። ልዩነቱ 1.43 ሰከንድ ነው፣ ከስህተቱ በብዙ ስለሚበልጥ በዚህኛው ላይ ክርክር የለም፤ የኮምፕሬሰሩ አየር ነው የቀደመው። የኮምፕሬሰሩ ኮንታክተር (የሞተሩ ማብሪያ) ኮይል ቮልቴጅ ሲወርድ እየለቀቀ መሆኑን እያየን ነው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የ300ው 22 ሚሊ ሰከንድ ከየት ይሆን? ማደሻው 60 ሰከንድ ነው።

ሪሌ_ሎጂክ

የቀነስከው ግማሽ ስካን ከየትኛው ነው? ኦንላይን ገብተህ የሳይክል ታይም (የስካኑን ርዝመት) ትንሹንና ትልቁን እይ። ትልቁ ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ቦይለሩ ላይ በመሐል የሚረዝም ነገር አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሞድባስ ወይም የሲሪያል ብሎክ ነው። የምዝገባውን ኮድ ከኦቢ1 (ዋናው የስካን ዙር) አውጥተህ ኦቢ35 (በቋሚ ጊዜ የሚሮጠው ብሎክ) ላይ በ10 ሚሊ ሰከንድ አስቀምጠው፤ ግብዓቱን ደግሞ በፔሪፈሪ አድራሻው በቀጥታ አንብብ፣ አለበለዚያ ኦቢ35 ውስጥም ሆኖ የሚያየው በኦቢ1 መጀመሪያ የተነሳውን የግብዓቶች ምስል ነው።